የቤት ውስጥ ቃሪያዎቼ ምን ነካቸው? የ11 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ስድስት ቃሪያ። አንድ ስንዝር ሲሞላቸው ወደ ድንኳኑ ገቡ። ድንኳኑ ቤት ውስጥ ተክል የሚያድግበት ነው፣ 1.2 በ1.2 ሜትር። ከላይ 240 ዋት ኤልኢዲ አለ፤ በታይመር 16 ሰዓት ይበራል፣ 8 ሰዓት ይጠፋል። የተተከሉት ሥሩ በተበሳ 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ነው። የሞላሁት በኮኮፒት (የተፈጨ የኮኮናት ቃጫ) እና በፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) ነው፣ 70 ለ30 አድርጌ። አፈር የለም። ምግባቸው በሙሉ የሚመጣው ከማጠጫው ውሃ ስለሆነ፣ እኔ ከተሳሳትኩ የሚያርምልኝ ነገር የለም ማለት ነው።

ባልዲዎቹ ላይ በማርከር ከ1 እስከ 6 ጻፍኩ። 1፣ 2፣ 3 ከኋላ፤ 4፣ 5፣ 6 ከፊት፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የጻፍኩት ለማጠጫ ተራ እንዲመቸኝ ነበር። ለሌላ ነገር ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም።

ሳምንት 1

አዳዲሶቹ ቅጠሎች ወደ ቢጫ ሄዱ። ጅማቱ አረንጓዴ ነው፣ የገረጣው በጅማቶቹ መካከል ያለው ነው። በስድስቱም ላይ አለ። የታችኞቹ ቅጠሎች ደህና ናቸው።

መጀመሪያ የመጣልኝ የማግኒዥየም እጥረት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ኤፕሰም ሳልት (ማግኒዥየም ሰልፌት) በ4 ሊትር ውሃ በጥብጬ አጠጣሁ፣ የቀረውን ቅጠሉ ላይ ረጨሁ። በዚያው ከሰዓት መብራቱን 10 ሳንቲሜትር ከፍ አደረግሁት። ፋኑንም ከላይ አውርጄ በግራ በኩል አሰርኩት፣ ከፊተኛው ረድፍ ጋር ትይዩ እንዲነፍስ። ሦስት ለውጥ በአንድ ከሰዓት! ቢሻላቸው እንኳ የቱ እንዳሻላቸው በምን አውቃለሁ?

ለነገሩ አልተሻላቸውም።

በኋላ የተጨመረ፦ ማግኒዥየም ተክሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ሲያጥረው ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ ቢጫው የሚጀምረው ከታች ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሺየምም እንደዚያው ናቸው። ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ከተቀመጡበት አይነሱም፤ ሲያጥሩ የሚጮኸው አዲሱ ቅጠል ነው። የኔ ቢጫ ያለው ከላይ ነበር። «ከላይ ነው ከታች?» ብዬ ራሴን ብጠይቅ ኖሮ ያንን ኤፕሰም ሳልት አልነካውም ነበር።

ሳምንት 2

እሺ፣ ብረት ነው። ግን ማዳበሪያው ውስጥ ብረት አለ፣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ያነሰው መጠኑ ይሆናል ብዬ የማጠጫውን ኢሲ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ማዳበሪያና ጨው መለኪያ) ከ1.4 ወደ 2.2 ከፍ አደረግሁት። አልበቃኝም፣ ተጨማሪ የማይክሮ ንጥረ ነገር ጠርሙስ ገዛሁ። ትንሽ ጠርሙስ ነው፣ ዋጋው ግን ከዋናው ማዳበሪያ ይበልጣል።

በአራተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ደረቀ። ከባልዲው ሥር የሚወጣውን ውሃ ለካሁት፦ ኢሲ 3.6። የምሰጣቸውን መጠጣት አቅቷቸው ጨው እየተከማቸባቸው ነው። ቢጫው አለቀቀም፣ ጭራሽ ቃጠሎ ተጨመረበት።

ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ለካሁ፦ 6.0። ለኮኮፒት ከ5.8 እስከ 6.2 ጥሩ ነው። «ፒኤች ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ።

እያንዳንዱን ባልዲ በጣም በቀጠነ ማዳበሪያ፣ ኢሲ 0.6፣ 20 ሊትር እያፈሰስኩ አጠብኩ። ስድስት ባልዲ፣ 120 ሊትር፣ በጆግ። ወገቤን ሁለት ቀን አመመኝ። የሚወጣው ውሃ ኢሲ ወደ 1.1 ወረደ።

ሌላ፦ እህቴ መንገድ ስለሄደች የቤጎኒያ አበባዋን ተወችልኝ። ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ለሁለት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከ4 ጎን አስቀመጥኩት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ወጣ።

ሳምንት 3

ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ከኮኮፒቱ ላይ ይነሳሉ። ቢጫ የሚያጣብቅ ካርድ ሰቀልኩ፣ በአንድ ሌሊት አሥራ ምናምን ያዘ። የእነሱ ትሎች ላዩ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ባልዲ ይወዳሉ። «ውሃ አብዝቼ ሥሩ በስብሶ ይሆናል» አልኩና 2ን ከባልዲው ነቅዬ አየሁት። ሥሩ ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይሸትም። የበሰበሰ ሥር ቡናማ ይሆናል፤ ሲጎትቱት ልጡ ይላጥና ክር ብቻ ይቀራል። ይሄ እንደዚያ አይደለም።

ቢያንስ አንድ ነገር ተሰረዘ። ከዚህ ወዲያ በቀን ሳይሆን በክብደት ነው የማጠጣው። ባልዲውን አጠጥቼ መዘንኩ፣ ሲቀል መዘንኩ፤ አሁን በእጄ አንስቼ አውቀዋለሁ። ትንኞቹ በራሳቸው ጊዜ ቀነሱ።

ሳምንት 4

ሁሉን ነገር ለክቻለሁ፣ ሁሉም «ደህና» ነው፣ ተክሎቹ ግን ደህና አይደሉም። እንግዲያው የሚዋሸኝ አለ።

የፒኤች ሜትሩን ስንት ጊዜ ካሊብሬት እንዳደረግሁት (ፒኤቹ በታወቀ ፈሳሽ እንዳስተካከልኩት) ለማስታወስ ሞከርኩ። መልሱ ዜሮ ነው። ስገዛው «ከፋብሪካው ተስተካክሎ የመጣ» ይላል፣ አመንኩት። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ስፖንጅ ከደረቀች ቆይታለች። የፒኤች ኤሌክትሮድ ጫፍ ላይ ያለችው መስታወት እርጥብ ሆና መኖር አለባት፤ ማስቀመጫዋም የፖታሺየም ክሎራይድ ፈሳሽ ነው። የተጣራ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥም ይጎዳታል። እኔ መሳቢያ ውስጥ ከእስክሪብቶ ጋር ነበር የማስቀምጣት።

የካሊብሬሽን ዱቄት ገዛሁ፣ ትንንሽ ከረጢት፣ በውሃ ሲበጠበጡ ፒኤቻቸው 7.00 እና 4.01 የሚሆን። ከእስካሁኑ ወጪ ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው። 7.00 ውስጥ ስነክረው 6.1 አለ። 4.01 ውስጥ 3.3 አለ። አጥቤ ደገምኩት፣ ያው ነው።

ማለት፣ እኔ «6.0» ስል እውነቱ 6.9 ገደማ ነበር። ኤሌክትሮዱን በማስቀመጫ ፈሳሽ ውስጥ አሳደርኩት፣ ካሊብሬት አደረግሁት፣ ከዚያ ከባልዲዎቹ ሥር የሚወጣውን ውሃ እንደገና ለካሁ። ከጠጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ፣ ትንሽ ንጹሕ ውሃ ከላይ ጨምሬ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ነው የያዝኩት። ከ7.1 እስከ 7.4።

በዚህ ፒኤች ብረት አለ ማለት ብረት አገኙ ማለት አይደለም። የኔ ማዳበሪያ ብረቱን የሚይዘው ኢዲቲኤ በሚባል፣ ብረቱን አቅፎ እንዳይዘቅጥ በሚያደርግ ውህድ ነው። ይህ ከ6.5 በላይ ብረቱን መያዝ ያቅተዋል፤ ብረቱ ይዘቅጣል፣ ሥሩ አያገኘውም። ዲቲፒኤ የሚባለው ሌላው መያዣ እስከ 7 አካባቢ ይዘልቃል። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ሁሉም ተጽፎ ነበር። ያነበብኩት ፊት ለፊቱን ብቻ ነው።

ፒኤቹስ ለምን ወጣ? ለዓሣ ማርቢያ ገንዳ በሚሸጠው የመለኪያ ወረቀት ውሃዬን ለካሁ፣ ኬኤች (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 10 ወጣ። በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር 180 ሚሊግራም ገደማ ነው። ባይካርቦኔቱ ብዙ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በየማጠጫው አሲዱን እየበላ የባልዲውን ፒኤች ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋል።

አሁን የማደርገው አንድ ለውጥ ብቻ ነው። ማጠጫው በትክክለኛው ሜትር 5.7፣ በፎስፎሪክ አሲድ እየወረደ። ጓንትና መነጽር አድርጌ ነው፣ አሲዱንም ወደ ውሃው ነው የምጨምረው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይደለም። ኢሲ 1.5። መብራቱ እንዳለ፣ ፋኑ እንዳለ። 6ን ለማነጻጸሪያ በድሮው ውሃ ለአንድ ሳምንት ተውኩት። ያሳዝናል፣ ግን ያስፈልገኛል።

ሳምንት 5

ሠራ! ከ1 እስከ 5 ያሉት አዲስ ያወጡት ቅጠል አረንጓዴ ነው። 6 አሁንም ቢጫ ነው። የሚወጣው ውሃ 6.3 ደርሷል። 6ንም ወደ አዲሱ ውሃ አስገባሁት።

ደስ ብሎኝ ማስታወሻውን ልዘጋው ነበር። አንዲት መስመር ብቻ ከታች አለች፦ «የ4 ጫፍ ትንሽ ተጠምዟል፣ ከበፊቱ ጉዳት የተረፈ ይሆናል።»

ሳምንት 6

የተረፈ አይደለም። የ4 አዲስ ቅጠሎች ጠባብና ረጃጅም ሆነው ይወጣሉ፣ ጠርዛቸው ወደ ታች ተጠቅልሏል። ሲነኩ ደረቅ ናቸው፣ እንደ ፕላስቲክ። ጀርባቸው ያብረቀርቃል፣ ወደ ነሐስ ቀለም ይሄዳል። እምቡጦቹ ሳይከፈቱ ይረግፋሉ። 5ም ጀምሮታል። 1፣ 2፣ 3 ያምርባቸዋል።

አዲስ ቅጠል ነው፣ እንግዲያው ካልሲየም! ትምህርቴን ይዤ ሮጥኩ። ካልሲየም የሚጓዘው ቅጠሉ ከሚያተነው ውሃ ጋር ስለሆነ እርጥበቱን አየሁ፦ 25 ዲግሪ፣ 60 ከመቶ። ምንም አይልም። ቢሆንም ካልሲየም ናይትሬት ጨመርኩ። ለውጥ የለም። መሆንም አልነበረበትም፤ ካልሲየም ሲያጥር የአዲሱ ቅጠል ጠርዝ ይሞታል፣ ይጠቁራል። የ4 ቅጠል የሞተ ቦታ የለውም። ተጣሞ ነው እንጂ በሕይወት አለ።

በዚያ ላይ ስድስቱም አንድ ውሃ ነው የሚጠጡት። የውሃ ችግር ቢሆን 4 እና 5ን ለይቶ ለምን ይይዛል? የባልዲ ቁጥሮቹ እዚህ ላይ ነው የጠቀሙኝ። በሽታው በ4 ጀመረ፣ ወደ 5 ሄደ። ፋኑ የሚነፍሰውም ከ4 ወደ 6 ነው። በነፋስ የሚሄድ ወይም በቅጠል ለቅጠል የሚሻገር ነገር ነው።

በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር የቅጠሉን ጀርባ ፈተሽኩ። ክሽክሽ የለም፣ ነጭ ዝንብ የለም፣ ትሪፕስ የለም፣ የሸረሪት ድር የለም። ንጹሕ!

4ን ከድንኳኑ አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። እዚያ አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ቀና ካለ ችግሩ ያለው ድንኳኑ ውስጥ ነው፤ ካልቀና ችግሩን ተክሉ ራሱ ይዞት ይዞራል።

ሳምንት 7

መስኮቱ ላይም ተጣመመ። 6ም ጀመረው። እንደ ጠረጠርኩት በነፋሱ አቅጣጫ ነው።

አሁን የቀረኝ ቫይረስ ነው። ቫይረስ ከሆነ መድኃኒት የለውም፣ ስድስቱንም መጣል ነው። የመቁረጫውን መቀስ በአልኮል መጥረግ ጀመርኩ። «ለማንኛውም» ብዬም ሁሉንም የኒም ዘይት ረጨኋቸው። ይህ «ለማንኛውም» ዋጋ አስከፍሎኛል፣ ከታች ይመጣል።

ከመጣሌ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር። ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ገዛሁ። የ5ን ጫፍ ቆርጬ፣ ገና ያልተከፈተውን ቅጠል በመርፌ ገልጬ ጀርባውን ወደ ላይ አደረግሁት። በጎን በኩል በእጅ ባትሪ አበራሁ። መጀመሪያ ያየሁት የቅጠል ፀጉርና ጅማት ብቻ ነው። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ፎከስ ይጠፋል። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ደግፌ ጅማቱን ተከትዬ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ጥግ ላይ ሞላላ ነገር አለ፣ እንደ ብርጭቆ ያሳልፋል፣ ከቅጠሉ ጋር ተጣብቋል። ላዩ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ተደርድረዋል። ልክ ሰው በነጭ ቀለም ነጥብ ነጥብ ያደረገበት ይመስላል። አቧራ እንዲህ አይደረደርም። ከጎኑ ሌላ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አንዷ ቢጫ ነገር በፍጥነት አለፈች፣ ዘልዬ ስልኩን ጣልኩት።

ብሮድ ማይት፣ ከሸረሪት ወገን የሆነች ደቃቅ የተክል ተባይ። ባለ ነጥቡ እንቁላሏ ነው፤ በዚያ እንቁላል ነው የምትለየው። ትልቋ ሴቷ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ናት፣ በዓይን አትታይም። በ10 እጥፍ መነጽር ደግሞ የማያውቃት ሰው አቧራ ብሎ ያልፋታል። እኔ አልፌያታለሁ። ድር አትሠራም። የምትኖረው ገና ባልተከፈተው ጫፍ ውስጥ ነው። ስትመጥ የምትተወው ምራቅ ቅጠሉን ያጣምመዋል፤ እሷ ከሞተች በኋላም ለሳምንታት ተጣሞ የሚወጣ አለ። ከእንቁላል እስከ ትልቅ በሞቃት ቦታ ሳምንት አይፈጅባትም። ካልሲየም ማጣት፣ ቫይረስ፣ የአረም መድኃኒት ጉዳት እየተባለች ትታለፋለች። ሁለቱን እኔም ብያለሁ።

ከየት መጣች? ማስታወሻዬን ወደ ኋላ አነበብኩ። ሳምንት 2፣ መጨረሻው መስመር። ቤጎኒያው።

መስኮቱ ላይ ሄጄ የቤጎኒያውን ጫፍ ቆረጥኩና ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ያው ነጥብ ነጥብ ያለበት እንቁላል፣ ከኔ ቃሪያ ይልቅ እዚያ ይበዛል። እኔ ደግሞ 4ን «ለይቼ ልየው» ብዬ ያስቀመጥኩት ከእሱ አጠገብ ነው። ጉድ ነው!

እስከዚያ ድረስ ቤጎኒያው ለምን ጫፉ እንደጠነከረ አልጠየቅሁም። የኔ አትክልት አይደለማ።

ሳምንት 8

ለዚህች ማይት ድኝ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዘይት ከተረጨ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ድኝ ከተረጨ ቅጠሉን ያቃጥላል። እኔ ደግሞ ያንን ኒም ረጭቻለሁ። ሁለት ሳምንት ከጠበቅሁ ሁለትና ሦስት ትውልድ ይፈለፈላል።

የቀረው ሙቅ ውሃ ነው። ከ43 እስከ 49 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ መንከር ማይቷን ይገድላታል፣ ተክሉ ይችለዋል። በመጀመሪያ የሞከርኩት በ5 ላይ ነው፣ ከሁሉም የባሰው እሱ ስለሆነ ቢሞትም አይቆጨኝም። ወደ 25 ሳንቲሜትር ቆረጥኩት። የባልዲውን አፍ በፌስታል ጠቅልዬ በፕላስተር አሰርኩ፣ ኮኮፒቱ እንዳይዘረገፍ። ከዚያ ገልብጬ በትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ግንዱን ከነቅጠሉ ነከርኩት።

ያላሰብኩት ነገር፦ ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል። በአራት ደቂቃ ከ46 ወደ 43 ወረደ። በአንድ እጄ ባልዲ ይዤ በሌላው ከማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ እየጨመርኩ፣ ቴርሞሜትሩን በጥርሴ ይዤ… ሙቁን ውሃ ቅጠሉ ላይ በቀጥታ ስላፈሰስኩት አንድ ቅርንጫፍ ተቀቀለ። ለሌሎቹ ባልዲውን በሁለት ወንበር መካከል በእንጨት አስደግፌ እጄን ነጻ አደረግሁ። ውሃውንም ከዳር እየጨመርኩ አማሰልኩ። 45 ላይ ያዝኩት።

5 ሁለት ቀን ራሱን ደፍቶ ዋለ። በሦስተኛው ቀና አለ። ያኔ የቀሩትን አምስቱን፣ ደህና የሚመስሉትን ጭምር፣ ቆርጬ ነከርኳቸው። 1፣ 2፣ 3 ለምልመው ሳለ መቁረጥ በጣም ያማል። የ3ን የተቆረጠ ጫፍ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ግን አራት እንቁላል ቆጠርኩ። ቅጠሉ ላይ ምንም ምልክት ሳይኖር።

የተቆረጠው ሁሉ በፌስታል ታስሮ ወጣ። ድንኳኑን በሳሙና ውሃ አጠብኩት። ለእህቴ ደወልኩላት። «አንቺ፣ አበባሽ ታሟል» ስላት «አንተ ጋ ሄዶ ነዋ» አለችኝ። ማስረጃ ስለሌለኝ አልተከራከርኩም።

ሳምንት 9 እና 10

ሁለት ሳምንቱ ስለሞላ ድኝ ረጨሁ፣ በውሃ የሚበጠበጠውን፣ በከረጢቱ ላይ ባለው መጠን። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ነው፣ ሙቀቱም ከ30 በታች ሲሆን። በሰባት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ነው የታሰበው፣ ሁለቱ አልፏል። ይሸታል፣ ክፍሉን መክፈት ያስፈልጋል፣ የፊት ጭምብልም።

ከግንዱ ጎን አዳዲስ እምቡጦች ወጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቅጠሎች አሁንም ትንሽ ጠመም ይላሉ። እንደገና ልነክራቸው ተነስቼ ነበር፤ ቆርጬ ሳይ እንቁላል የለም። የድሮው ምራቅ ነው። ከእነዚያ በላይ ያለው ቅጠል ሰፊና ቀጥ ያለ ነው።

ሒሳብ፦ ጥቅም የሰጡኝ የካሊብሬሽን ዱቄት፣ ማይክሮስኮፕ፣ አሲድና ድኝ ናቸው። ኤፕሰም ሳልት፣ የማይክሮ ጠርሙስ፣ ካልሲየም ናይትሬትና ኒም ለዚህ ችግር ምንም አልሠሩም፤ ዋጋቸው ሲደመር ግን ከጠቀሙኝ አራቱ ይበልጣል። ማይክሮስኮፑ ብቻውን ከማይክሮ ጠርሙሷ ይረክሳል።

ሳምንት 11

ሦስተኛው ድኝ ተረጨ። ከየተክሉ ሁለት ጫፍ፣ በድምሩ 12፣ አየሁ። አንድ ባዶ የእንቁላል ቅርፊት፣ ሕይወት ያለው የለም። የሚወጣው ውሃ ፒኤች 6.0፣ ኢሲ 1.8። ሜትሩ ጀርባ ላይ ካሊብሬት የተደረገበትን ቀን በፕላስተር ለጥፌያለሁ።

2 ላይ አዲስ ነገር አለ። የታችኞቹ ቅጠሎች ጀርባ ላይ እንደ ጨው ፍሬ ያሉ ነጫጭ እብጠቶች ወጥተዋል። ቆርጬ አየሁ፦ እንቁላል አይደለም፣ አይንቀሳቀስም፣ የቅጠሉ የራሱ ሴሎች አብጠው ነው። በኤልኢዲ ሥር፣ አልትራቫዮሌት በሌለበት፣ ቃሪያና ቲማቲም ላይ እንዲህ ይወጣል። አይተላለፍም። ሌሎቹ አምስቱ ላይ የለም።

ጻፍኩት። አልነካሁትም።